ቴራፒስት ጋ ብሄድ ሽጉጥ መግዛት እከለከላለሁ?

የዛሬው ደብዳቤ የመጣው ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ጠያቂው ስሙን እንዳልጽፍ ለምኖኛል። ማንነቱን የሚጠቁመውን አውጥቼ፣ አሳጥሬ አቀርበዋለሁ።

«እንደምን አለሽ እህቴ። ዕድሜዬ 38 ነው። አሜሪካ ከመጣሁ ዘጠኝ ዓመት አልፎኛል፤ ዜግነትም ወስጃለሁ። አራት ዓመት ሙሉ ሌሊት ሌሊት ሴኩሪቲ ሠርቻለሁ፣ ያለ መሣሪያ። አሁን የመሣሪያ ሥልጠናውን ጨርሻለሁ። ለታጠቀ ጥበቃ ክፍያው ይሻላል። ሽጉጡን ግን የምገዛው ራሴ ነኝ። በዚህ መሀል እናቴ ደሴ ላይ አረፈች። አልቀበርኳትም። የአርባዋን ተዝካር ያየሁት በስልክ ነው። ከዚያ ወዲህ አምስት ወር እንቅልፍ የለኝም፤ ምግብም አያሰኘኝም። ባለቤቴ ገፋፍታ ሐኪም ጋ ወሰደችኝ። ሐኪሟ ድብርት ነው ብላ መድኃኒት አዘዘችልኝ፤ ቴራፒስት እንዳይም ነገረችኝ። ከባሰብህ በራስህ ፈቃድ ጥቂት ቀን ሆስፒታል መተኛት ትችላለህ አለችኝ። ጓደኞቼ ግን ‹አንዴ ከፈረምክ ስምህ ኤፍቢአይ ጋ ይገባል፤ ሽጉጥ አትገዛም፤ ላይሰንስህም ይሄዳል› አሉኝ። መድኃኒቱን ከፋርማሲ አላወጣሁትም። ሌሊቱን የምገፋው በጫት ነው። እኔ እብድ አይደለሁም። ግን አንዳንዱን ሌሊት ባይነጋ ይሻል ነበር እላለሁ። ምን ትመክሪኛለሽ?»

ወንድሜ፣ እናትህን ነፍስ ይማርልህ። አንተንም ያጽናህ።

ከመጨረሻው መስመርህ ልጀምር። ሰው «ባይነጋ ይሻል ነበር» ሲል መሞት እፈልጋለሁ ማለቱ ላይሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ደከመኝ ማለቱ ነው። እንዲህ ያለው ድካም ግን ለብቻ ሲይዙት እየከበደ ይሄዳል። ስለዚህ ወደ ሕጉ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልለምንህ። ለእኔ የጻፍካትን ያችን ዐረፍተ ነገር ዛሬውኑ ለባለቤትህ ንገራት። ሐኪም ጋ የወሰደችህ እሷ ናት፤ ግማሹን ሳትነግራትም አውቃዋለች። ሐሳቡ «ባይነጋ» ከማለት አልፎ ራስህን ወደ መጉዳት ከሄደ ደግሞ፣ አንድ ሰዓት ሳትቆይ 988 ላይ ደውል። ከ2022 ጀምሮ በመላው አሜሪካ የሚሠራ የስልክ መስመር ነው። ሌት ተቀን ክፍት ነው። አስተርጓሚ እፈልጋለሁ ብለህ መጠየቅ ትችላለህ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

አሁን ወደ ጥያቄህ።

አይ፣ አትከለከልም። ድብርት አለብህ ስለተባልክ ሽጉጥ መግዛት አትከለከልም። መድኃኒት በመውሰድህም አትከለከልም። ቴራፒስት ጋ በየሳምንቱ ብትመላለስም አትከለከልም። በራስህ እግር ሄደህ፣ በራስህ ፊርማ ሆስፒታል ብትተኛም የፌዴራሉ ሕግ አይከለክልህም። ቨርጂኒያ ውስጥ ግን አንድ መጠንቀቅ ያለብህ ነገር አለ፤ እሱን ትንሽ ቆይቼ በደንብ አስረዳሃለሁ።

የፌዴራሉ ክልከላ መነሻው የ1968ቱ የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ ነው። ከአእምሮ ጤና ጋር በተያያዘ የሚከለክለው ሁለት ዓይነት ሰዎችን ነው። አንደኞቹ ፍርድ ቤት ወይም ሥልጣን ያለው ቦርድ የወሰነባቸው ናቸው፤ በአእምሮ ሁኔታቸው የተነሳ ለራሳቸው ወይም ለሌላ ሰው አደገኛ ናቸው፣ ወይም የራሳቸውን ጉዳይ ማስተዳደር አይችሉም የተባሉት። ሁለተኞቹ በሕጋዊ አካል ትእዛዝ ወደ አእምሮ ሕክምና ተቋም የተላኩ ናቸው። ልብ ብለህ እየው፤ በሁለቱም ቦታ ወሳኝ አካል አለ። ዳኛ አለ፣ ወይም ቦርድ አለ። የሐኪምህ ቃል ምርመራ እንጂ ፍርድ አይደለም። ይህን ሕግ የሚያስፈጽመው ኤቲኤፍ የሚባለው መሥሪያ ቤት በደንቡ ላይ ግልጽ አድርጎ ጽፎታል። ለክትትል ብቻ ተቋም ውስጥ የቆየ ሰውና በፈቃዱ የገባ ሰው «ተላከ» አይባልም።

መሣሪያ መደብር ስትሄድ ቅጽ 4473 ይሰጥሃል። እዚህ ላይ የእኛን ሰዎች የሚያሳስት ነገር አለ። እኔ ለብዙ ዓመት ያስተረጎምኩ ሰው ነኝና ይህ ነገር ያንገበግበኛል። ቅጹ ላይ ያለው የእንግሊዝኛ ቃል «ኮሚትድ» ይላል። ወገኖቻችን ለጓደኛ ሲተረጉሙ «የአእምሮ ሆስፒታል ገብተህ ታውቃለህ?» ይሉታል። አይደለም! ትርጉሙ «በሥልጣን ባለው አካል ትእዛዝ ተልከህ ታውቃለህ?» ነው። መግባትና መላክ ይለያያሉ። በገዛ ፈቃዱ ታክሞ የወጣ ሰው ይህን ጥያቄ «አይ» ብሎ ሲመልስ እውነቱን ነው የተናገረው። በትእዛዝ የተላከ ሰው «አይ» ብሎ ቢፈርም ግን ከባድ የፌዴራል ወንጀል ነው። «ድብርት አለብህ?» ወይም «መድኃኒት ትወስዳለህ?» የሚል ጥያቄ ቅጹ ላይ የለም።

ስለ «ስምህ ኤፍቢአይ ጋ ይገባል» ደግሞ ልንገርህ። ኒክስ የሚባለው የኤፍቢአይ ማጣሪያ ሥራ የጀመረው በኅዳር 1998 ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ማጣሪያውን የሚያደርገው የግዛቱ ፖሊስ ነው፤ የራሱንም የኤፍቢአይንም መዝገብ ያያል። በአእምሮ ጤና ምክንያት እዚያ መዝገብ ውስጥ የሚገባው በሕግ የተከለከለ ሰው ማንነት ነው። ስሙ፣ የትውልድ ቀኑ፣ የተከለከለ መሆኑ። የሕመሙ ስም አይገባም። ለቴራፒስቱ ያወራው አይገባም። የሚወስደው ኪኒን አይገባም። ቴራፒስትህ በየሳምንቱ የምትነግራትን ወደዚያ የምትልክበት መንገድ የላትም። የሕክምና ምስጢር የሚጠብቀው ሂፓ የሚባለው ሕግ ይይዛታል።

ምስጢር ጠባቂነቱ ግን ወሰን አለው፤ ይህን አልደብቅህም። አንድን የተለየ ሰው እጎዳለሁ ካልክ፣ ወይም ራስህን ልታጠፋ በቋፍ ላይ ያለህ ከመሰላቸው፣ ባለሙያዎቹ ሕይወት ለማዳን እርምጃ ይወስዳሉ። «አንዳንድ ሌሊት ባይነጋ እላለሁ» ማለት ግን ፖሊስ አያስጠራም። ቴራፒስቷ ረጋ ብላ ተጨማሪ ትጠይቅሃለች። ራስህን ስለ መጉዳት አስበህ ታውቃለህ? እንዴት ብለህ? እንደዚህ ያሉ ጥያቄዎች ናቸው። እውነቱን መልስላት። ይህን ሲሰሙ የሚውሉ ሰዎች ናቸው፤ አይደነግጡም።

አሁን ቨርጂኒያ ላይ ወዳልኩህ ነገር እንምጣ። ከዚህ ደብዳቤ ሌላውን ሁሉ ብትረሳ ይህን እንዳትረሳ።

እዚያ አንድ ሰው በአእምሮ ሕመም የተነሳ ለራሱ ወይም ለሌላው አስጊ ሆኗል ሲባል ነገሩ በደረጃ ይሄዳል። መጀመሪያ ፖሊስ ቢበዛ ለስምንት ሰዓታት ይዞት በባለሙያ ይመረመራል። መርማሪው ካሳሰበው ማጅስትሬት የሚባለው የፍርድ ባለሥልጣን ጊዜያዊ የማቆያ ትእዛዝ ያወጣል። በእንግሊዝኛ ፊደሉ ቲዲኦ ይሉታል። በዚህ ትእዛዝ እስከ 72 ሰዓት ሆስፒታል ይቆያል፤ ቅዳሜ፣ እሑድ ወይም በዓል ከገባበት ይረዝማል። ከዚያ ዳኛ ፊት ይቀርባል። ዳኛው «በፈቃድህ መታከም ትፈልጋለህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ እፎይ ይላል። «እሺ፣ በፈቃዴ» ብሎ ይፈርማል። በቨርጂኒያ ሕግ ግን ቲዲኦ ከወጣ በኋላ የተፈረመ «ፈቃድ» መሣሪያ ከመግዛትም፣ ከመያዝም፣ ይዞ ከመንቀሳቀስም ይከለክላል። ዳኛው ይህን መንገር አለበት፤ ይነግራልም። ሦስት ቀን እንቅልፍ ያልወሰደው ሰው በባዕድ ቋንቋ የተነገረውን ምን ያህል እንደሚሰማ ግን አንተው ታውቀዋለህ።

እንዲህ የደረሰበት ወንድም አውቃለሁ። ሌላው ይማርበት ብሎ ስለፈቀደልኝ ነው የምጽፈው። ልክ እንዳንተ ስሜ ይገባል ብሎ ፈራ። ሰባት ወር ደበቀ። አንድ ሌሊት ቤተሰቡ ጨንቋቸው ፖሊስ ጠሩ። ቲዲኦ ወጣበት። ዳኛው ፊት «በፈቃዴ» ብሎ ፈረመ፤ አሥር ቀን ታክሞ ወጣ። አሁን ደኅና ነው፤ ልጆቹን ያሳድጋል። በኋላ ግን ሽጉጥ ሊገዛ ሲሄድ ተከለከለ። «እኔ እኮ በፈቃዴ ነው የታከምኩት!» አለ። በሰባተኛው ወር ፈንታ በመጀመሪያው ወር፣ ፖሊስ ሳይጠራ፣ በራሱ መኪና ሄዶ ቢፈርም ኖሮ ያው ሆስፒታል፣ ያው አልጋ፣ ያው መድኃኒት ነበር። የመሣሪያ መብቱም አይነካም ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ይህ ነው። እንዳትከለከል ብለህ የሸሸኸው ሕክምና አይደለም የሚያስከለክልህ። መሸሹ ነው።

እሱም ቢሆን ለዘላለም አልተዘጋበትም። ቨርጂኒያ ውስጥ የተከለከለ ሰው ለሚኖርበት ከተማ ወይም ካውንቲ ጄኔራል ዲስትሪክት ፍርድ ቤት መብቱ እንዲመለስለት ማመልከት ይችላል። ጠበቃ ይዞ ቢሄድ ይሻለዋል።

ሕጉ እንዲህ የጠበቀበትን ምክንያት ብታውቅ ደግሞ አትቀየምም። በሚያዝያ 2007 ቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንድ ተማሪ 32 ሰው ገደለ። በ2005 መጨረሻ ዳኛ ለራሱ አደገኛ ነው ብሎ ወስኖበት ነበር። የታዘዘው ግን ተመላላሽ ሕክምና ስለነበር ስሙ ወደ መዝገቡ አልተላለፈም፤ ሽጉጦቹንም በማጣሪያ አልፎ ገዛ። ከዚያ በኋላ ነው ቨርጂኒያም ኮንግረሱም ቀዳዳውን ለመድፈን የተነሱት። ቀዳዳው በራሳቸው ጊዜ ወደ ሐኪም የሄዱ ሰዎች አልነበሩም።

ጓደኞችህም ወሬውን ከሜዳ አላመጡትም። እኛ የምንኖርበትን አካባቢ አስበው። አሌክሳንድሪያ ታድራለህ፣ ዲሲ ትሠራለህ፣ ለሠርግ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ትሄዳለህ። በአንድ ሰዓት መንገድ ውስጥ ሦስት ሕግ አለ። ሜሪላንድ በፈቃዱም ቢሆን ከ30 ተከታታይ ቀን በላይ ተቋም ውስጥ የተኛን ሰው ሽጉጥ እንዳይዝ ይከለክላል። ዲሲ መሣሪያ ለማስመዝገብ የሚያመለክት ሰው ባለፉት አምስት ዓመታት በፈቃዱም ሆነ ያለ ፈቃዱ ወደ አእምሮ ተቋም አለመግባቱን ትጠይቃለች። ራቅ ስትል ደግሞ ኮነቲከት ባለፉት ስድስት ወራት በፈቃዱ ለአእምሮ ሕመም ሆስፒታል የተኛን ትከለክላለች። ኢሊኖይም የአምስት ዓመት ሕግ አላት። አንዱ ቺካጎ የሰማውን ለዘመዱ ይነግራል፤ ዘመዱ ካፌ ተቀምጦ ለአሌክሳንድሪያው ይነግራል። ሲደርስህ «ሐኪም ጋ ከሄድክ አለቀልህ» ሆኗል። በእነዚህም ቦታዎች ቢሆን የሚቆጠረው መተኛት ነው። ቴራፒስት ጋ ተመላልሶ የሚያወራን ሰው ወይም የድብርት ኪኒን የሚወስድን ሰው አይመለከትም። የፖቶማክን ወንዝ ተሻግረህ ቤት የምትቀይር ከሆነ ግን ከመተኛትህም ሆነ ከመግዛትህ በፊት የዚያን ግዛት ሕግ ጠይቅ።

ይልቅስ አንተን የሚያሰጋህ ሌላ ነገር ነው። በቀላሉ የጻፍከው ነገር፤ ጫቱ።

ወንድሜ፣ ሀገር ቤት ጫት ሕጋዊ ነው። እዚህ ግን ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራሉ ሕግ ከሄሮይን ጋር በአንድ ሰንጠረዥ ላይ ተመዝግቧል። ያው ቅጽ 4473 የተከለከለ አነቃቂም ሆነ አደንዛዥ ነገር ትጠቀማለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። እዚህ ላይ «አይ» ብለህ ብትፈርም ዋሽተሃል። ማሪዋናም እንዲሁ ነው። ቨርጂኒያ ለአዋቂ ፈቅዳለች፤ የፌዴራሉ ቅጽ ግን ግዛትህ ቢፈቅድም አይሆንም ይላል። እስቲ እየው። ሐኪሟ ያዘዘችልህ መድኃኒት ቅጹ ላይ ችግር የለበትም፤ እሱን ትተኸዋል። ችግር የሚያመጣብህን ግን በየሌሊቱ ትቅማለህ። ልወቅስህ አይደለም። ሌሊት ሠርቶ ቀን መተኛት ያቃተው ሰው ምን እንደሚፈልግ አውቃለሁ። ጫት ግን እንቅልፍ ይበላል፤ ከምርቃናው በኋላ የሚመጣው ድብርት ደግሞ ያለህ ላይ ይጨመራል። ለሐኪምህ ንገራት። ከመድኃኒቱ ጋር እንዴት እንደሚሆን ማወቅ አለባት። እሷ ለፖሊስ አትናገርብህም።

ሥራህን በተመለከተ። የታጠቀ ጥበቃ ምዝገባህን የሚሰጠው የቨርጂኒያ የወንጀል ፍትሕ አገልግሎት መምሪያ ነው። በሕግ መሣሪያ መያዝ የተከለከለ ሰው የታጠቀ ሥራ መሥራት አይችልም፤ ይህ ግልጽ ነው። አንተ ግን መታከምህ ብቻውን አያስከለክልህም። አሠሪህን በተመለከተ ደግሞ የ1990ው የአካል ጉዳተኞች ሕግ ለአእምሮ ሕመምም ይሠራል። አለቃህ ስለ ጤናህ እንደፈለገው ሊጠይቅህ አይችልም፤ ጥያቄው ከሥራው ጋር የተያያዘ መሆን አለበት። ኩባንያህ 50 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ ካለው፣ አንተም ዓመት ሞልቶህ ባለፉት 12 ወራት 1,250 ሰዓት ከሠራህ፣ ለሕክምና እስከ 12 ሳምንት ያለ ክፍያ ፈቃድ መውሰድ ትችላለህ። ሥራህ ይጠበቅልሃል። «ታምሜያለሁ» ለማለት የሕመሙን ስም ለሺፍት ተቆጣጣሪው መንገር የለብህም። የፈረምከውን ውል ግን አንብበው፤ የታጠቁ ሠራተኞች ላይ የራሳቸው ደንብ ያላቸው ኩባንያዎች አሉ።

እዚህ ድረስ የነገርኩህ ሕጉን ነው። አሁን እንደ እህት ልናገር።

ሽጉጡን አሁን አትግዛ።

ትችላለህ ብዬሃለሁ፤ አልክድም። ግን መቻል አንድ ነገር ነው፤ ባይነጋ በሚባልበት ሌሊት ሽጉጥ አጠገብ ማደር ሌላ ነገር ነው። አሜሪካ ውስጥ በ2021 በጦር መሣሪያ የሞተው ሰው 48,830 ነበር። ከእነዚህ ውስጥ 26,328ቱ በሰው እጅ አልተገደሉም፤ ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። ከግማሽ በላይ ማለት ነው። ይህን ቁጥር ስናገር ሁልጊዜ ሆዴ ይላወሳል። ከእነዚህ ብዙዎቹ አንድ ሌሊት ብቻ ቢያልፍላቸው ዛሬ በሕይወት ይኖሩ ነበር። ያ የጨለማ ሰዓት ይመጣል፣ ይሄዳል። ራሱን ለማጥፋት ሞክሮ የተረፈ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በኋላ በዚያ መንገድ አይሞትም፤ ዕድሜውን ይኖራል። ሽጉጥ ግን ሰዓቱ እስኪያልፍ ጊዜ አይሰጥም። አንተ ዛሬ እዚያ አይደለህም፤ አውቃለሁ። ነገ የት እንደምትሆን ግን አንተም እኔም አናውቅም።

ስለዚህ ለታጠቀው ሥራ ቀጠሮ ስጠው። ያለ መሣሪያ የምትሠራው አለ፤ ደመወዙ ቢያንስም ቤት ያውላል። መድኃኒቱን ጀምር። የድብርት መድኃኒት ሥራውን ለማሳየት ሳምንታት ይፈልጋል፤ በአራተኛው ቀን አልሠራልኝም ብለህ እንዳትተወው። እንቅልፍህ ሲመለስ፣ ምግብ ሲጥምህ፣ ሐኪምህም «አሁን ደኅና ነህ» ስትልህ ያኔ ሂድና ግዛ። መደብሩ የትም አይሄድም። ኩባንያው ከቸኮለ «የቤተሰብ ሐዘን አለብኝ፣ ጥቂት ወር ስጡኝ» በላቸው። ውሸት አይደለም።

ይህን ዓምድ የምታነቡ ሌሎችም ትኖራላችሁ። መሣሪያ ቤታችሁ ኖሮ የከፋችሁ ካላችሁ፣ ለጊዜው ከቤት አውጡት። በምታምኑት ሰው ቤት በተቆለፈ ሣጥን ይቀመጥ፤ ሰውዬው ራሱ መሣሪያ መያዝ ያልተከለከለ፣ እዚያው ግዛት የሚኖር ይሁን። ዲሲ ላለ ዘመድ ይዛችሁ እንዳትሻገሩ፤ ሌላ ጣጣ ነው። ቨርጂኒያ ከ2021 ጀምሮ ደግሞ ሰው በገዛ ፈቃዱ «ለእኔ መሣሪያ አትሽጡልኝ» ብሎ ስሙን የሚያስመዘግብበት መዝገብ አላት። በፈለገ ጊዜ እንዲወጣ ማመልከት ይችላል። ለጠያቂዬ አልመክረውም፤ መዝገቡ መያዝንም ስለሚከለክል ሥራው ላይ ይደርሳል። ለሥራቸው መሣሪያ ለማይፈልጉ፣ ግን ራሳቸውን ለሚፈሩ ሰዎች ግን ጥሩ ነገር ነው።

«እኔ እብድ አይደለሁም» ብለኸኛል። ማንም አላለህም ወንድሜ። እኛ ግን ሀገር ቤት ስናድግ «አማኑኤል ገባ» የሚለውን እንደ ስድብ ነው የሰማነው። አማኑኤል ሆስፒታል ሰው የሚድንበት ቤት ነው፤ ለእኛ ግን ማስፈራሪያ ሆነብን። አንተን የያዘህ እርሙን ያላወጣ ሰው ሐዘን ነው። እናትህን አልቀበርክም። ድንኳን ውስጥ አልተቀመጥክም። ለቅሶ ደራሽ ከጎንህ ሳይሆን ከስልክ ወዲያ ነበር። በማግስቱ ማታ ዩኒፎርም ለብሰህ ሥራ ገባህ። ሐዘኑ የት ይሂድ? ውስጥህ ተቀመጠ። አምስት ወር ሙሉ እንቅልፍና ምግብ ሲነሳህ ደግሞ ሐዘን ብቻ መሆኑ ይቀራል፤ ሕመም ይሆናል። ሕመም ደግሞ ይታከማል።

ጠበል መሄድ ከፈለግህ ሂድ። ከንስሐ አባትህም ጋር አውራ። መድኃኒቱን ግን ለጠበሉ ብለህ አታቋርጥ፤ ሁለቱ አይጣሉም። የስድስት ወሯን ወይም የሙት ዓመቷን እዚሁ አሌክሳንድሪያ አዘጋጅ። ቡና ይፈላ፣ ሰው ይጠራ። በስልክ ያየኸውን ሳይሆን በእጅህ የምትደግሰውን።

ለሐኪምህ ቢሮ ስትደውል ቃል እንዳይጠፋብህ ይህን በል፦ «ባለፈው የታዘዘልኝን መድኃኒት አልጀመርኩም። አሁን ልጀምር ነው። እንቅልፍ የለኝም፤ አንዳንዴም ባይነጋ እላለሁ። ቴራፒስት ቶሎ እንዳይ እርዱኝ።» እንግሊዝኛው ከከበደህ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቅ፤ የሚከፍሉት እነሱ ናቸው፣ አንተ አትከፍልም። አማርኛ የሚናገሩ ቴራፒስቶችም በአካባቢያችን አሉ። የማኅበረሰቡ ሰው ይሰማብኛል ብለህ ከፈራህ ፈረንጇን ምረጥ፤ ምርጫው ያንተ ነው። ሆስፒታል መተኛት ካስፈለገ ደግሞ ከባለቤትህ ጋር በቀን፣ በራሳችሁ መኪና ሂዱ። ስትገባ «በፈቃዴ ነው የመጣሁት» በል፤ የምትፈርመውን ወረቀት ቅጂ ጠይቅና ያዝ። ሐኪሞቹ ገና ነው እያሉ እምቢ ብለህ ለመውጣት ከተነሳህ ትእዛዝ ሊጠይቁብህ ስለሚችሉ፣ መውጣት ሲያምርህ መጀመሪያ ከሐኪሙ ጋር ተነጋገር። በአንተ ጉዳይ ላይ የተለየ ነገር ካለ፣ ለምሳሌ የቆየ ክስ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ ከመግዛትህ በፊት የቨርጂኒያ ጠበቃ አማክር።

ፋርማሲው መድኃኒቱን ወደ መደርደሪያው መልሶት ይሆናል፤ ደውለህ እንደገና እንዲያዘጋጁልህ ንገራቸው። ሲደርስህ ጻፍልኝ። ባለቤትህ ምን እንዳለችህም ጨምረህ ጻፍልኝ።